የጣጠኛዋ ውሃ

ሰው ሱቄ ገብቶ «ጥሩውን ስጪኝ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ለሁሉ ጥሩ የሚባል፣ ፊት ላይ የሚረጭ ውሃ የለም፤ ላንቺ ጥሩ የሆነው ለጎረቤትሽ መርዝ ነው። ስለዚህ ጠርሙስ ከመደርደሪያ ከማውረዴ በፊት ሴትየዋን ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ አዞራታለሁ። ግንባሯና አፍንጫዋ ላይ ወዝ አለ? ጉንጯ ታጥባው ትንሽ ሲቆይ ይወጥራታል? አዲስ ቅባት ሲነካት ያሳክካታል? ቀጥዬ ለምን እንደፈለገችው እጠይቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ቬንትሌተር ሥር ቁጭ ብላ ለምትውል ጸሐፊና ሜካፕ ተቀብታ እስክትሸኝ እንዳይፈርስባት ለምትሰጋ ሙሽራ አንድ ዓይነት ጠርሙስ አይሰጥም። አንዳንዷ ታዲያ ትቆጣለች።

«ውሃ ልግዛ ብዬ እንጂ ልመርመር ብዬ መጣሁ?»

«ውሃ ከሆነ የፈለግሽው ቧንቧው ውጭ አለልሽ» እላታለሁ።

ትሂድ። የሄደችዋ ስትመለስ ፊቷን ራሷ ወደ ብርሃኑ ታዞራለች።

ይህን አመል የወረስኩት ከአክስቴ ነው፤ ከእናቴ ታላቅ እህት። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ትምህርት ላይ ብዙም አልገፋሁም፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ከሷ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጬ ነው። ያን ጊዜ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የምንኖረውም፣ እሷ የምትሠራውም መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። መሃሏ ላይ መጋረጃ ተጋርዷል፤ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋችን፣ ወዲህ የአክስቴ ጠረጴዛ።

እዚያ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይፈላል ወይ ይቀዘቅዛል። ጠርሙሶቹ በድስት ይቀቀላሉ፣ አፋቸውን ተደፍተው ንጹሕ ጨርቅ ላይ ይደርቃሉ። ጽጌረዳው በአንድ በኩል፣ ኪያሩ በሌላ በኩል ይጠልላል። ጥግ ያለችው ፍሪጅ ሞተሯ ሲነሣ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ጠርሙሶች ሁሉ አብረው ይንጫጫሉ። እኔ ከሥር ሆኜ የደንበኞቹን ጫማ እያየሁ፣ ከላይ የአክስቴን ድምፅ እሰማለሁ።

«ያንቺ ደረቅ ነው። ጽጌረዳ፣ ትንሽ ግሊሰሪን ያለበት። ግን ስሚኝ፣ ረጭተሽ ሳይደርቅ ቅባትሽን ካልደረብሽበት ያለሽንም እርጥበት ይዞብሽ ነው የሚሄደው።»

«ያንቺ ወዛም ነው። ኪያር ውሰጂ። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፤ ቶሎ ካልጨረስሽው ድፊው፣ እንዳታዝኚለት።»

«ለሠርጉ ከሆነ ክንድሽን ዘርግተሽ ያዢው እንጂ አፍንጫሽ ሥር አትደቅኚው። እንደ ጉም ነው መውረድ ያለበት። እንደ ዝናብ ከወረደ ያን ሁሉ ኩል ይዞት ይወርዳል።»

ግድግዳ የምትጋራን ልብስ ሰፊ ነበረች፤ አፏ ውስጥ ስፒል ነክሳ የምታወራ። የስፌት መኪናዋን ስታቆም ድምፁ ይጠፋና ወዲያው በራችን ላይ ብቅ ትላለች። የሷ ፊት የለየለት ወዛም ነው፤ እሷ ግን ሁልጊዜ ጽጌረዳውን ነው የምትመኘው።

«ፊትሽ ላይ እኮ ድንች ይጠበሳል፤ በዚህ ላይ ግሊሰሪን ምን ያደርግልሻል?» ትላታለች አክስቴ።

«ባሌ ነዋ የሚወደው ሽታውን!»

«እንግዲያው ባልሽን ርጪው።»

ልብስ ሰፊዋ ስትስቅ ስፒሉን እንዳትውጠው እኔ እሰጋ ነበር።

እናቴ ሌላ አገር ሥራ ላይ ነበረች። የሄደችው እኔ በደንብ ነፍስ ሳላውቅ ነው። መልኳን የማውቀው ከአንዲት ፎቶ ነው፤ በፎቶው ላይም ሲያነሷት ስቃ ኖሮ ፊቷ ደብዘዝ ብሏል። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ቅንድበ ወፍራም ልጅ። ከፎቶው በላይ የኔ የነበረው ሽታዋ ነው። ጥላው የሄደችው ግማሽ ጠርሙስ የጽጌረዳ ውሃ ከአልጋው ራስጌ ነበር። «እናትሽ ቆዳዋ ደረቅ ነው፤ ከጽጌረዳ ሌላ አይስማማትም» ትለኝ ነበር አክስቴ። ከፍቼ አሸትተዋለሁ፣ እንዳያልቅ ቶሎ እከድነዋለሁ። ስትናፍቀኝ የማደርገው ይህንኑ ነው። ፎቶው ደብዛዛ ቢሆንም አልፈራሁም። እናቴ በመጣች ቀን ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከሺህ ሰው መሃል በጠረኗ እለያታለሁ ብዬ ነበር የማስበው።

አክስቴም ቃል ገብታልኛለች። «ክረምቱ ሳይገባ ትመጣለች። አብረን ሄደን እንቀበላታለን።»

አንድ ቀን ግን አክስቴ ደህና ጫማዋን አድርጋ፣ እኔን ልብስ ሰፊዋ ጋ ትታኝ ወጣች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የት ሄደሽ ነው?»

«አዲስ ደንበኛ ጋ።»

«እናቴስ መቼ ነው የምንቀበላት?»

«ትመጣለች አልኩሽ አይደል?»

ከዚያ ቀን በኋላ «አብረን ሄደን» የምትለው ቃል ከአፏ ጠፋች። እኔም ነገሩ ወዲያው ተገለጠልኝ። እናቴን እንዳንቀበል መንገድ የዘጋችብን ያቺ አዲሷ ደንበኛ ናት!

እንደዚያች ያለች ደንበኛ ገጥማን አታውቅም። አክስቴ የሠራችላትን ይዛ ትሄዳለች፣ ጠርሙሱን ከነሙላቱ ይዛ ትመለሳለች። መጀመሪያ ጽጌረዳ ወሰደችላት። «ሽታው አስመለሳት» አለች ለልብስ ሰፊዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። የኔ እናት የምትወደው ጽጌረዳ! ቂም ያዝኩባት። ቀጥሎ ኪያር ሆነ፤ «ሣር ሣር ይለኛል» አለች ተባለ። ከዚያ ሽታ የሚባል ነገር የሌለበት፣ የተጣራ ውሃ ከግሊሰሪን ጋር ብቻ። «አጣበቀኝ።» አክስቴ ግሊሰሪኑን ቀነሰች። «አቃጠለኝ።» ደግማ ቀነሰች። ለማንም ያላደረገችውን ጠርሙሱን ሁለቴ ትቀቅለው ጀመር።

ይባስ ብሎ የምትሞክረው በኔ ላይ ነው። የአክስቴ አሠራር የታወቀ ነው፤ አዲስ ውሃ ሲሠራ ፊት ላይ ከመድረሱ በፊት በደንበኛዋ ክንድ ላይ፣ ከክርኗ በውስጥ በኩል ይሞከራል። ውሎ አድሮ ካልተቆጣ ከጆሮዋ ኋላ፣ ከዚያ ጉንጯ ላይ። ሁልጊዜ በደንበኛዋ ቆዳ ነው። ለዚያች ሴትዮ ሲሆን ግን «ነይ እስቲ» ትለኝና እጅጌዬን ወደ ላይ ትሰበስበዋለች።

«ለምን በኔ?»

«ቆዳችሁ አንድ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«አውቃለሁ አልኩሽ፤ ክንድሽን አምጪ።»

ክንዴ ላይ፣ ከጆሮዬ ኋላ፣ በመጨረሻ ጉንጬ ላይ ትረጫለች። ከዚያ በበሩ ብርሃን ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ታየኛለች። እንዲህ አድርጋ አታየኝም ነበር። ረጅም ጊዜ ታየኛለች። እኔ ቆዳዬን የምትመረምር መስሎኝ ሳልንቀሳቀስ እቆማለሁ፤ ውስጤ ግን እየተቃጠለ። የማንም ሀብታም ሴትዮ ፊት እንዳይነካ የኔ ፊት ይቅደም?

«ጣጠኛ ናት» አልኩ አንድ ቀን። «ያቺ ሴትዮሽ ጣጠኛ ናት።»

አክስቴ ደነገጠች። ከዚያ ሳቅ አፈናት፤ ወንበር ፈልጋ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። «ጣጠኛ! እውነትሽን ነው እኮ። ከልጅነቷ ጀምሮ…» ብላ ቀጥ አለች። መሃረብ ፈለገች። በቤታችን ስሟ ከዚያ ወዲህ ጣጠኛዋ ሆኖ ቀረ።

ልብስ ሰፊዋ ስትመጣ ጆሮዬን አቆማለሁ።

«ጣጠኛዋስ ዛሬ እንዴት ዋለች?»

«እንደ ትናንቱ። ውሃው ራሱ ይሸተኛል ትላለች።»

«ልጅቱን…»

«አንቺ ደግሞ! ጆሮ ያለው ሰው እኮ ተቀምጧል።» ከዚያ በሹክሹክታ፣ «አልፈልግም አለች። እንዲህ ሆኜ አታየኝም ብላለች። ስለምኛት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።»

«እሷም ግግም፣ አንቺም ግግም!»

እኔ ይህን ሰምቼ ጠረጴዛው ሥር አፌን አጣመምኩ። ጣጠኛዋ ሜካፕ ሳትቀባ ሰው እንዳያያት የምትፈራ ኩሩ ሴት ናት ማለት ነው። እንኳን እኔን፣ ልብስ ሰፊዋን እንኳ አታስገባም። አክስቴ ብቻ እየተመላለሰች ትለምናታለች።

እውነቱን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ፣ እኔም ከአክስቴ ጋር ጠረጴዛው ላይ መሥራት ከጀመርኩ በኋላ ነው። አንዲት ሴት ሻሽ አስራ ገባች። ከከባድ ሕክምና የተነሣች መሆኗ ያስታውቃል፤ ቅንድብ አልነበራትም። ሽታ እንደማትችል ስትነግረኝ አክስቴ ከወንበሯ ሳትነሣ «ለእናትሽ እንደሠራሁት ሥሪላት» አለችኝ። አፏን በእጇ ያዘች፤ ግን ቃሉ ወጥቷል። ሴትየዋን ሸኘሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ እግሬን ተክዬ ቆምኩ። ነገረችኝ።

ያን ቀን ደህና ጫማዋን አድርጋ የሄደችው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። እናቴ ከሥራዋ የመጣችው ታማ ነው፤ ከዚያው በቀጥታ አክስቴ ሐኪም ቤት አስገባቻት። መድኃኒቱ ሽታ ሁሉ ጠላት አደረገባት፤ ጽጌረዳዋን ሳይቀር። ቆዳዋን አደረቀው፣ ሰነጣጠቀው። ለኔ እንዳይነገር አክስቴን አስማለቻት። «ፎቶው ላይ እንዳለሁት ትወቀኝ» ብላ። ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች፤ እኔም እዚያው በሰው አገር እንደቀረች ሆኖ ተነገረኝ፣ እንደዚያው አለቀስኳት።

ከአክስቴ ጋር ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አልተነጋገርንም። ፊት ለፊት ቆመን ጠርሙስ እየተቀባበልን ዝም። በመጨረሻ ሥራው አናገረን፤ «ያንን ማጥለያ አቀብዪኝ» አልኳት፣ አቀበለችኝ፣ ሁለታችንም አለቀስን። ግን ይህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። ልጅ ሳለሁ አክስቴ አንድ ቀን ጣጠኛዋ ጋ ይዛኝ ሄዳለች፤ ያን ቀን እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴን አምጥቼ ቤቴ ማስገባት እፈልጋለሁ፣ ያቺ ሴትዮ ደግሞ በሩ ላይ ቆማለች።

ጠዋት ነው። አክስቴ አዲሱን ውሃ ጉንጬ ላይ ረጭታ፣ በብርሃኑ አይታኝ፣ «ይኸው፣ ይህ ነው» አለች። ከዚያ ኮቴን አወጣችልኝ።

«ዛሬ ጣጠኛዋ ጋ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። የምትረጭላት አንቺ ነሽ።»

«ለምን እኔ?»

«እጅሽ ቀላል ነው። ታዲያ ቁም ነገረኛ ሁኚ። ለሥራ ነው የምንሄደው።»

ለካ እናቴ ራሷ ናት ሐሳቧን የቀየረችው። «ትምጣ፣ ግን እንደ ሠራተኛ ትምጣ፤ እኔ ማን እንደሆንኩ አትንገሪያት» ብላ።

እኔም በመንገዱ ሁሉ የምናገረውን አዘጋጀሁ። ዛሬ አገኛታለሁ፤ ፊት ለፊት እነግራታለሁ።

የገባንበት ቤት ሆቴል መሰለኝ። ሆቴል አይቼ አላውቅም፤ ግን ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ፊት ያሳያል፣ ሠራተኞቹ ነጭ በነጭ ናቸው፣ ምግብ ጎማ ባለው ጠረጴዛ እየተገፋ ይመጣል ስትል ሰምቻለሁ። ሁሉም ነበር። አልጋዎቹ ሳይቀሩ ጎማ አላቸው! ይቺ ሴትዮ ከነአልጋዋ ነው እንዴ የምትንሸራሸረው ብዬ የባሰ ተናደድኩ። አክስቴ እጄን አጥብቃ ይዛኛለች።

ጣጠኛዋ መስኮት አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራለች። ፊቷ አብጧል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ቅንድብ የሚባል የላትም። እኔ የጠበቅኩት ወርቅ ያደረገች እመቤት ነበር። በሩ ላይ ቆምኩ።

«እንደምን አደሩ» አልኩ።

ከጫማዬ ጀምራ ወደ ላይ አየችኝ።

«እንደምን አደርሽ» አለች። «አንቺ ነሽ ፊትሽን ያዋስሽኝ?»

«አላዋስኩም። አክስቴ ናት በኔ የምትሞክረው።»

ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ዞረ። አክስቴ ጠርሙሱን ሰጠችኝና ወደ መስኮቱ ዞራ ቆመች፤ ውጭ ምን እንደምታይ እንጃ።

እኔ ሥራዬን ጀመርኩ። እጄን ታጠብኩ፣ ጠርሙሱን ነቀነቅኩ፣ ክንዴን ዘረጋሁ።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ። በቃ እስክልዎት አይተንፍሱ።»

«አንቺ በዪኝ።»

«ደንበኛ አንቺ አይባልም።»

«ማን አለ?»

«አክስቴ።»

ወደ አክስቴ አየች። «እኔ ነኝ ያልኳት» አለች አክስቴ፣ ፊቷን ሳታዞር።

«እሺ» አለች ጣጠኛዋ፣ ዓይኗን ጨፈነች።

ረጨሁ። ጉሙ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ግንባሯ ላይ፣ ጉንጯ ላይ ተቀመጠ። በቃ አልኳት። ዓይኗን አልገለጠችም። ብዙ ረጨሁ መሰለኝ፣ ጉንጯ ላይ መንገድ እየሠራ ወረደ። አክስቴ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እሷ ግን ከመስኮቱ አልዞረችም።

«ተስማማዎት?»

«ተስማማኝ። እስቲ ድገሚልኝ።»

«አይደገምም። አሁን ቅባት ይደረባል፣ አለዚያ ያደርቅዎታል።»

«እንግዲያው ቅቢኝ።»

በጣቴ እየነካሁ ቀባኋት። ቆዳዋ ወረቀት ወረቀት ይላል። በአፍንጫዋ ጎን፣ በአገጯ ሥር፣ ቅንድብ በነበረበት ቦታ ላይ አሳለፍኩት። ጠጋ ስል እንደ ልማዴ አሸተትኳት። ሳሙና ነው እንጂ ሌላ ምንም የለም።

«ምን ታሸቺያለሽ?» አለችኝ።

«ምንም።»

እናቴን ከሺህ ሰው መሃል በጠረኗ እለያታለሁ ያልኩት እኔ፣ አፍንጫዬ ጉንጯ ላይ ደርሶ ምንም አልኩ።

ከዚያ ያዘጋጀሁትን አወጣሁት።

«አንድ ነገር ልንገርዎት?»

«አንቺ ልጅ…» አለች አክስቴ።

«ተያት» አለች ጣጠኛዋ።

«እናቴ ልትመጣ ነው። ከአክስቴ ጋር ሄደን መቀበል አለብን። እርስዎ ግን በየጊዜው ይጠሯታል። ሌላ ሠራተኛ ቢፈልጉ።»

ኮሪደሩ ላይ የሚገፋው ጠረጴዛ ጎማ ሲንጫጫ ተሰማ።

«እናትሽ ስትመጣ ምን ታደርጊላታለሽ?»

«ጽጌረዳ እረጭላታለሁ።»

«ጽጌረዳ ባይስማማትስ?»

«ይስማማታል። እርስዎ አያውቋትም።»

«አላውቃትም» አለች። «ንገሪኝ እስቲ፣ ምን ዓይነት ሰው ናት?»

ነገርኳት። ረጅም ናት አልኩ። ሲያነሷት ዝም ብላ መቆም አትችልም፣ ትስቃለች። ትዘፍናለች። ስትመጣ አልጋው ላይ መሃል እሷ ትተኛለች፣ እኔ በግድግዳው በኩል፣ አክስቴ በዳር። አንዳንዱን ከአክስቴ የሰማሁት ነው፣ አብዛኛውን ከራሴ ጨመርኩ። ጣጠኛዋ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታዳምጠኛለች። እንደሷ አድርጎ ያዳመጠኝ ሰው አላውቅም።

«ትቆጣለች?»

«አትቆጣም። ግግም ግን ናት። አክስቴ ናት ያለችው።»

«ግግም ናት አልሽ?» አለች ወደ አክስቴ።

«ዋሸሁ?»

ተያዩና ሳቁ። አክስቴ ከደንበኛ ጋር እንዲህ ስትስቅ አይቼ አላውቅም፤ ከአንድ ጣሳ የተቀዳ ሳቅ። ቅናት ያዘኝ። ወደ አክስቴ ተጠግቼ ቀሚሷን ያዝኩ።

«ጸጉርሽን ማን ነው የሠራሽ?» አለችኝ ጣጠኛዋ።

«አክስቴ።»

«ጠብቆብሻል። ነይ ላላላልሽ።»

«አልፈልግም።»

አክስቴ ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ሥር፣ «እባክሽ» አለችኝ። አክስቴ እኔን እባክሽ ብላኝ አታውቅም። ሄጄ ከወንበሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጀርባዬን ሰጠኋት። ጉንጉኖቼን ፈታቻቸው። ጸጉሬን በጣቶቿ ከፋፈለችው፤ አንድ ጊዜም አላመመኝም። ትንሽ ትጎነጉናለች፣ እጇ ሲደክም ትከሻዬ ላይ ታሳርፈዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። እኔ ሰለቸኝ። ነጭ የለበሰችዋ ሴት ገብታ አየችን፣ የያዘችውን ሳታስቀምጥ ተመልሳ ወጣች። በሁለተኛው ጉንጉን ላይ እጇ በጣም ሲቆይ አክስቴ ልትረዳት ተነሣች።

«ተይኝ» አለቻት። «እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ሲያልቅ ጫፉን አላሰረችውም። በእጇ ይዛው ቆየች።

«በቃ?» አልኩ።

«በቃ።»

«እናቴ ከመጣች እኔ ደግሜ አልመጣም።»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ሂጂ። ጽጌረዳውን ርጪላት።»

ከክፍሉ ስወጣ እየዘለልኩ ነበር። ተስማማን ብዬ። ለቀቀችልን፣ አሁን እናቴ ትመጣለች ብዬ። ወደ ኋላ ዞሬ አላየሁም፤ ለምን ልይ? አክስቴ ከኋላዬ የቆየችውን ያህል ቆይታ መጣች።

ጸጸት አለብሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር። የለብኝም። ልጅ ነበርኩ፣ አልተነገረኝም፣ ሥራዬንም በደንብ ሠርቻለሁ። ያለብኝ ሌላ ነው። አሁን እኔ እሷ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌ ሄጃለሁ፤ ታናሼ ሆናለች። ማታ ሱቁን ስዘጋ፣ እጄን ስታጠብ፣ ያ ክፍል ይመጣብኛል። ያን ቀን የሰጠችኝን ሁሉ ተቀብያለሁ፣ አንዲት ነገር ብቻ ስትጠይቀኝ ከለከልኳት። አንድ ጊዜ አንቺ ብያት ብወጣ እላለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ዓይንሽን ጨፍኚ» ብያት።

ቤት ሳንደርስ ጸጉሬ ተፈታ። መንገድ ላይ አንዱ ጉንጉን ትከሻዬ ላይ ተዘረገፈ፣ ሌላውም ግማሹ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ በር ላይ አይታኝ «ምነው፣ ነፋስ ነው የሠራሽ?» አለችኝ። እኔም አመረርኩ። ይህ ጉንጉን አይደለም፣ ፍቺውና እንደገና ሥሪኝ አልኩ። አክስቴ «ዛሬ ይቆይልሽ» አለችኝ። እምቢ አልኩ፣ ተነጫነጭኩ፣ እንደዚያው አኩርፌ ተኛሁ።

ጠዋት ማበጠሪያውን ራሴ አምጥቼ ሰጠኋት፤ ትምህርት ቤት እንዲህ ሆኜ አልሄድም ብዬ። ከኋላዬ ተቀመጠች። ጠበቅኩ። ማበጠሪያው ግን አልመጣም። እጇ ብቻ ነው ጸጉሬ ላይ ያለው፣ ከላይ እስከ ታች የተረፈውን ጉንጉን ተከትሎ ይወርዳል፣ ይመለስና እንደገና ከላይ ይጀምራል።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት።

«ቋጠሮ አለው መሰለኝ፣ እየፈለግኩ ነው» አለች።

ቋጠሮ አልነበረውም። ያን ያህል ላልቶ የተሠራ ጸጉር ምን ቋጠሮ ይኖረዋል? እኔ ግን ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አልተከራከርኳትም፤ እስክታገኘው ዝም ብዬ ተቀመጥኩላት።